ከባዱ ኮምፓይል ማድረጉ አይደለም

ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ከሶርስ ኮድ ማሻሻል ማለት ተዘጋጅቶ የመጣ ባይነሪ ከመጫን ይልቅ የአዲሱን እትም ኮድ ወደ ማሽኑ አውርዶ፣ እዚያው ኮምፓይል አድርጎ፣ በመሥራት ላይ ባለው ሲስተም ቦታ መተካት ነው። ይህን አሠራር እስከ ዛሬ ይዘው ከዘለቁት ኦፕን ሶርስ ሲስተሞች መካከል ፍሪቢኤስዲ ግንባር ቀደሙ ነው። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከተሠራው ዩኒክስ የተወለደውና የመጀመሪያ እትሙን እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ይህ ሲስተም ከርነሉን፣ ላይብረሪዎቹን፣ የየዕለት ትእዛዞቹንና ኮምፓይለሩን ሳይቀር በአንድ ማኅደር ያኖራል። ያ ማኅደር ያለው ሰው በጥቂት ትእዛዞች ሲስተሙን ከሥር እስከ ጫፍ እንደገና ሊሠራው ይችላል።

ስለዚህ አሠራር በሙያው ውስጥ ሥር የሰደደ አስተሳሰብ አለ። ከሶርስ ማሻሻል የሚከብደው ኮምፓይል ስለሚጠይቅ ነው፤ ኮምፓይሉ ከቀረ ችግሩም አብሮ ይቀራል፤ የተዘጋጀ ባይነሪ እንደ ልብ በሚገኝበት ዘመን ከሶርስ የሚያሻሽል ሰው ወይ ጊዜ የተረፈው ነው ወይ የድሮ ልማድ የያዘው ነው ይባላል። አስተሳሰቡ ቀላል ነው፣ በብዙዎች ዘንድም ሳይመረመር ያልፋል። ነገር ግን የችግሩን ቦታ ስቷል። ከባዱ ሥራ ኮድን ወደ ባይነሪ መለወጡ ሳይሆን፣ እየሠራ ያለ ሲስተም በገዛ ራሱ እጅ ራሱን እንዲተካ ማድረጉ ነው። ይህ ክብደት ባይነሪው በማንም ይዘጋጅ በማን አይቀንስም።

አስተሳሰቡ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። በ1990ዎቹ ማሽኖች ሙሉውን ሲስተም ኮምፓይል ማድረግ ሌሊቱን ሙሉ የሚወስድ ሥራ ነበር። ማሽኖቹ ሲፈጥኑ ደግሞ ኮዱም አብሮ ገዘፈ። ፍሪቢኤስዲ በ2014 መጀመሪያ በወጣው 10.0 እትሙ በዋና ዋናዎቹ ፕሮሰሰሮች ላይ ጂሲሲን ትቶ ክላንግን ዋና ኮምፓይለሩ አደረገ። ዛሬ ከኮምፓይሉ ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚበላው ይኸው ኮምፓይለርና የተመሠረተበት ኤልኤልቪኤም ነው። በዚህ ላይ ኮምፓይል በዓይን የሚታይ ሥራ ነው፤ ስክሪኑ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች ይወርዳሉ፣ የማሽኑ ማራገቢያ ይጮኻል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። የሚታየውና የሚያስጠብቀው ነገር ከባዱ ነገር መስሎ መታየቱ አያስገርምም።

ሌሎች ፕሮጀክቶች የወሰዷቸው ውሳኔዎችም ለዚህ አስተሳሰብ ምስክር ተደርገው ይጠቀሳሉ። ኦፕንቢኤስዲ ከእትም ወደ እትም በሶርስ ኮምፓይል ማሻሻልን እንደማይደግፍ በይፋ ይናገራል። ሁሉን ነገር ከሶርስ በመሥራት ስሙን የተከለው ጄንቱ ሊነክስ እንኳ በ2023 ዲሴምበር ላይ የተዘጋጁ ባይነሪዎችን በይፋ ማቅረብ ጀመረ። እነዚህ እውነቶች ናቸው፤ ከእነሱ የሚወሰደው መደምደሚያ ግን የተሳሳተ ነው። ስህተቱን ለማየት ሥራውን ደረጃ በደረጃ መከተልና እያንዳንዱ ደረጃ ሲከሽፍ ምን እንደሚያስከትል መመዘን ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ደረጃ «ቢልድወርልድ» ይባላል። «ወርልድ» በፍሪቢኤስዲ ሰዎች አነጋገር ከከርነሉ ውጭ ያለው መሠረታዊ ሲስተም በሙሉ ነው። ትእዛዙ በቀጥታ ወደ ኮምፓይሉ አይገባም። በነባሩ ሲስተም ኮምፓይለር አስቀድሞ ለግንባታው የሚያስፈልጉ መሣሪያዎችን ይሠራል፤ ከዚያ አዲሱን ኮምፓይለር፣ በአዲሱ ኮምፓይለር ላይብረሪዎቹን፣ በመጨረሻም የቀሩትን ፕሮግራሞች ይሠራል። አሮጌው ሲስተም አዲሱን ኮድ በቀጥታ መሥራት ላይችል ይችላልና ግንባታው እንዲህ በመወጣጫ ይሄዳል። «ቢልድከርነል» ደግሞ በዚያው አዲስ ኮምፓይለር ከርነሉን ይሠራል።

የዚህ ምዕራፍ ዋና ጠባይ ውጤቱ በሙሉ ኦብጅ በተባለ የተለየ ፎልደር ውስጥ መቀመጡ ነው። የሚሠራው ሲስተም አንድ ፋይል እንኳ አይነካበትም። ሜሞሪ አንሶ ኤልኤልቪኤምን ሊንክ የሚያደርገው ሂደት ቢገደል፣ ዲስኩ ቢሞላ፣ አድሚኑ ለፍጥነት ብሎ ያስገባው የኮምፓይለር አማራጭ ኮዱን ቢያበላሽ፣ የሚጠፋው ጊዜ ብቻ ነው። ፎልደሩ ይጸዳል፣ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ሂደቶች ቁጥር ይቀነሳል፣ ትእዛዙ ይደገማል። ሰርቨሩ በዚህ ሁሉ መካከል ኢሜይል ማድረሱን፣ ድረ ገጽ ማቅረቡን አያቋርጥም። በሲስተም ሥራ ውስጥ ያለ ጉዳት ሊከሽፍ የሚችል ነገር ጥቂት ነው፤ ኮምፓይል አንዱ ነው። እንግዲህ የችግር ሁሉ ምንጭ ነው የሚባለው ደረጃ ከደረጃዎቹ ሁሉ አደጋ የሌለበት ሆኖ ይገኛል።

አደጋው የሚጀምረው መጫን ሲጀመር ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄም የቅደም ተከተል ነው። ፍሪቢኤስዲ አዲስ ከርነል ለአሮጌ ፕሮግራሞች እንዲሠራ ተደርጎ የተሰናዳ ነው፤ አሮጌ ከርነል ግን አዳዲስ ፕሮግራሞችን ያሠራል የሚል ዋስትና የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ከርነሉ ይጫናል፣ ማሽኑ በአዲሱ ከርነል ይነሣል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወርልድ ይጫናል። ይህን ሕግ የሚያፈርስ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይቀጣ ያልፋል፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ለዓመታት ያለ ችግር ያለፈ አቋራጭ አንድ ቀን ማሽኑን ይዞ ይወድቃል።

እንዲህ ያለ ቀን በ2017 መጥቷል። በዚያ ዓመት ፋይሎች የሚለዩበት የአይኖድ ቁጥር ከ32 ወደ 64 ቢት እንዲያድግ ተደረገ፤ ለውጡም በ2018 ዲሴምበር በወጣው 12.0 እትም ለሁሉም ደረሰ። የፋይል መረጃ የሚነበብባቸው የከርነል ጥሪዎች አብረው ተለወጡ። ቀድሞ የተሠሩ ፕሮግራሞች በአዲሱ ከርነል ላይ መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ አዲሶቹን ፕሮግራሞች በአሮጌው ከርነል ላይ የጫነ ሰው ግን ፎልደር የሚዘረዝረው ተራ ትእዛዝ እንኳ የማይሠራበት ሲስተም ታቀፈ። ኮምፓይሉ ያለ አንዳች ስህተት ተጠናቋል፤ ባይነሪዎቹም ጤነኞች ናቸው። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው።

ዳግም መነሣቱ ራሱ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል። የፍሪቢኤስዲ መመሪያ ወርልድ በነጠላ ተጠቃሚ ሁኔታ እንዲጫን ይመክራል፤ ይኸውም አገልግሎቶች ሁሉ ቆመው፣ ኔትወርክ ሳይኖር፣ በማሽኑ ኮንሶል ላይ ብቻ መሥራት ማለት ነው። ማሽኑ በሌላ ከተማ ዳታ ሴንተር ውስጥ ካለና ወደ ኮንሶሉ የሚያደርስ መንገድ ካልተዘጋጀ ምክሩን መከተል አይቻልም፤ ብዙዎች በርቀት እንደገቡ ይጭናሉ፣ አዲሱ ከርነል የኔትወርክ ካርዱን ባያውቀው ግን የተዘጋ በር ፊት ይቀራሉ። የሰዓት ጉዳይም አለ። የማሽኑ ውስጣዊ ሰዓት በአካባቢ ሰዓት ከተሞላ በነጠላ ተጠቃሚ ሁኔታ ማስተካከያው በራሱ አይሠራም፤ ዋሽንግተን ያለ ማሽን ቢያንስ 4 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። አሁን ኮምፓይል የተደረጉት ፋይሎች ከወደፊት የመጡ ይመስላሉ፣ ሜክ የተባለው የግንባታ መሣሪያም የፋይሎችን ዕድሜ እያነጻጸረ የሚሠራ ነውና ግራ ይጋባል። መፍትሔው አንድ አጭር ትእዛዝ ነው፤ የማያውቀው ሰው ግን ጥፋቱን በሶርስ ኮዱ ላይ ያላክካል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቅንብር ፋይሎች ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። ኢቲሲ በተባለው ፎልደር ውስጥ ያሉት ፋይሎች ሁለት ባለቤት አላቸው። አንደኛው ፕሮጀክቱ ነው፤ በየእትሙ ያሻሽላቸዋል። ሁለተኛው አድሚኑ ነው፤ ለራሱ ማሽን እንዲስማሙ ይለውጣቸዋል። አዲስ እትም ሲመጣ የሁለቱም ለውጥ መጠበቅ አለበት፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም የሚያውቅ ኮምፓይለር ደግሞ የለም። ፍሪቢኤስዲ ለዚህ ሥራ ለብዙ ዓመታት መርጅማስተር በተባለ መሣሪያ ሲጠቀም ቆይቷል። መርጅማስተር የነባሩንና የአዲሱን ፋይል ልዩነት እያሳየ ውሳኔውን ለአድሚኑ ይተውለታል። በኋላ የተካው ኢቲሲአፕዴት ሦስት እትሞችን ያነጻጽራል፦ የድሮውን ዋና ፋይል፣ አድሚኑ የለወጠውን፣ አዲሱን። ግጭት የሌለበትን ራሱ ያዋሕዳል፤ ግጭት ያለበትን ለሰው ይመልሳል።

አደጋው ያለው ሰው ሲደክም ነው። መርጅማስተር በመቶዎች የሚቆጠሩ ፋይሎችን አንድ በአንድ ሲያቀርብ እጅ አዲሱን መቀበል ይለምዳል። በዚያ ልማድ መካከል የተጠቃሚዎችና የይለፍ ቃሎች ፋይል ሲደርስ «ተቀበል» የተባለበት ማሽን ተጠቃሚዎቹን በሙሉ ያጣል፣ የሩት የይለፍ ቃልም ባዶ ይሆናል። በተቃራኒው ሁሉንም አልቀበልም ማለትም አያዋጣም። አዲስ እትም አዲስ የሲስተም ተጠቃሚ ሲፈልግ፣ ለምሳሌ ኦዲትዲስትዲ የተባለው አገልግሎት በገባ ጊዜ፣ ያ ተጠቃሚ ከሌለ «ኢንስቶልወርልድ» ገና ሳይጀምር ይቆማል። ከመጫኑ በፊት አጭር ቅድመ ውሕደት እንዲደረግ መመሪያው የሚያዘው ለዚህ ነው።

የመሠረታዊው ሲስተም ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ከእሱ ውጭ የተጫኑት ፕሮግራሞች ይቀራሉ። ዳታቤዙ፣ የድር ሰርቨሩ፣ የፕሮግራም ቋንቋዎቹ ሁሉ የተሠሩት ከቀድሞው እትም ላይብረሪዎች ጋር ነው። በ2023 ኖቬምበር የወጣው 14.0 ድጋፉ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ያበቃውን ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 በ3.0 ተክቷል። የድሮዎቹ የምስጠራ ላይብረሪዎች «ዲሊት ኦልድ ሊብስ» በተባለው ደረጃ ሲሰረዙ እነሱን የሚጠሩ ፕሮግራሞች ሁሉ መነሣት ያቅታቸዋል። ስለዚህ ስረዛው ፓኬጆቹ በሙሉ ለአዲሱ እትም በተሠሩ እስኪተኩ መዘግየት አለበት። የግራፊክስ ካርድ ድራይቨሮችም በተለየ ፓኬጅ የሚመጡ የከርነል ሞጁሎች ናቸው፤ ለቀድሞው ከርነል የተሠራ ሞጁል በአዲሱ ላይ ሲጫን ማሽኑ ሊወድቅ ወይም ስክሪኑ ጨለማ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ወጥመድ ማሽኑን የሚያስነሣው ቡትሎደር ነው። በዩኢኤፍአይ የሚነሡ ማሽኖች ላይ የቡትሎደሩ ቅጂ በተለየ ክፍልፋይ ውስጥ ይቀመጣል፤ «ኢንስቶልወርልድ» ያንን ቅጂ አይነካውም። ዜድኤፍኤስ በተባለው የፋይል ሲስተም የሚሠራ አድሚን ሲስተሙን ካሻሻለ በኋላ የዲስክ ስብስቡንም ወደ አዲስ ደረጃ ካሳደገና ቡትሎደሩን ከረሳ፣ አሮጌው ቡትሎደር አዲሱን አደረጃጀት ማንበብ አቅቶት ማሽኑ ላይነሣ ይችላል። ይህ ስህተት ከሌሎቹ ይከፋል፣ ወደ ኋላ የሚመለሱበትን መንገድም ይዘጋልና። ወደ ቀድሞው እትም እንመለስ ቢባል እንኳ የቀድሞው ሲስተም ያደገውን ዲስክ ላያውቀው ይችላል።

እነዚህ ችግሮች ከተዘረዘሩ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ባይነሪ ማሻሻያ ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ያስቀራል? መልሱ በራሱ በፍሪቢኤስዲ ውስጥ ይገኛል። ኮሊን ፐርሲቫል የሠራው ፍሪቢኤስዲ አፕዴት የተባለው የባይነሪ ማሻሻያ መሣሪያ ከ2007ቱ 6.2 እትም ጀምሮ የሲስተሙ አካል ነው። አንድም መስመር ኮድ ኮምፓይል አያስደርግም። ሆኖም ወደ አዲስ ዋና እትም ሲኬድ አሠራሩ ይህ ነው፦ የመጫኛው ትእዛዝ መጀመሪያ ከርነሉን ይጭናል፤ ማሽኑ ዳግም ይነሣል፤ ትእዛዙ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰጥ ወርልድ ይጫናል፤ ፓኬጆቹ ይለወጣሉ፤ ትእዛዙ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰጥ አሮጌዎቹ ላይብረሪዎች ይሰረዛሉ። የቅንብር ፋይሎች ሲጋጩም ኤዲተር ይከፈትና አድሚኑ በእጁ እንዲያስታርቅ ይጠየቃል። ይህ ከሶርስ የማሻሻል ቅደም ተከተል ነው፤ የተቀነሰለት «ቢልድወርልድ» እና «ቢልድከርነል» ብቻ ናቸው፣ ማለትም ጉዳት የማያደርሱት ሁለቱ ደረጃዎች።

ልዩነቱ ሌላ ነው። ከሶርስ የሚያሻሽል ሰው እያንዳንዱን ደረጃ በስሙ ጠርቶ ስለሚያልፍ የት እንደቆመ ያውቃል። አንድ ትእዛዝ ሦስት ጊዜ የሚደጋግም ሰው ግን በየድግግሞሹ መካከል ምን እንደተለወጠ ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል፤ ለምን ሦስት ጊዜ እንደሆነም ላይጠይቅ ይችላል። የግጭት ምልክቶቹን ሳያጠፋ ፋይሉን ያስቀመጠ አድሚን ስህተቱን የሚያየው አገልግሎቱ አልነሣም ሲል ነው። በራሱ ቅንብር የተሠራ ከርነል ያለው ሰው ደግሞ መሣሪያው የሚያውቀው ከፕሮጀክቱ ጋር የሚመጣውን አጠቃላይ ከርነል ብቻ በመሆኑ ዞሮ ዞሮ ወደ ሶርስ ኮዱ ይመለሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ደረጃዎቹ ከዓይን መሰወራቸው እንደ መፍትሔ ሊቆጠር አይገባም።

ከፍሪቢኤስዲ ውጭም ማስረጃው ያው ነው። ዴቢያን ሊነክስ ተጠቃሚዎቹ ኮምፓይል እንዲያደርጉ አይጠይቅም፤ በፓኬጅ አያያዙም የተመሰከረለት ነው። ከየዋና እትሙ ጋር የሚያወጣው መግለጫ ግን ከቀደመው እትም ስለማሻሻል አንድ ሙሉ ምዕራፍ፣ ሊያጋጥሙ ስለሚችሉ ችግሮች ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ይይዛል። አድሚኑ የለወጠው የቅንብር ፋይል ሲገኝ የዴቢያን ፓኬጅ መሣሪያም ሥራውን አቁሞ ነባሩ ይቆይ ወይስ አዲሱ ይግባ ብሎ ይጠይቃል። የችግሩ ምንጭ ኮምፓይል ቢሆን ኖሮ ኮምፓይል በሌለበት በዴቢያን እነዚህ ምዕራፎችና ጥያቄዎች ባላስፈለጉ ነበር።

የኦፕንቢኤስዲ ምሳሌም በጥንቃቄ ሲታይ ለተቃራኒው ወገን ይመሰክራል። ፕሮጀክቱ ከሶርስ ማሻሻልን የማይደግፈው ያለማመንታት ነባር አሠራሮችን ስለሚያፈርስና ሁለቱን እትሞች የሚያገናኝ መወጣጫ ለመሥራት ጊዜ ማጥፋት ስለማይፈልግ ነው። በ2014 ሜይ የወጣው 5.5 እትም ሰዓት የሚቆጠርበትን ቁጥር በሁሉም ማሽኖች ላይ 64 ቢት አደረገ፤ 32 ቢት ቁጥር በ2038 ጃንዋሪ ላይ ሞልቶ ይፈሳልና። በዚያ እትም ባይነሪ የወሰዱትም ቢሆኑ ፓኬጆቻቸውን በሙሉ መለወጥ ነበረባቸው። የተለወጠው በከርነልና በፕሮግራሞች መካከል ያለው ስምምነት ስለነበር የኮምፓይል መኖር አለመኖር ለውጥ አላመጣም።

ከ2019ኙ 6.6 እትም ጀምሮ የመጣው ሲስአፕግሬድ የተባለው የኦፕንቢኤስዲ መሣሪያ ይህን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። መሣሪያው አዲሱን እትም ካወረደ በኋላ ማሽኑን ሜሞሪ ውስጥ ብቻ በሚሠራ ሌላ ትንሽ ከርነል ያስነሣዋል፣ በዚያ ሆኖ ዲስኩ ላይ ያለውን ሲስተም ይተካል፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ሲስተም ይመልሰዋል። የቅደም ተከተል ችግር እዚህ ላይ በእውነት ተፈትቷል። የተፈታው ግን ሲስተሙ ራሱን በራሱ ላይ እንዲተካ መደረጉ ስለቀረ ነው። ምሰሶው የሚለወጠው ሰው ከቤቱ ከወጣ በኋላ ሆኗል። ይህ ዘዴ በገዛ እጅ ኮምፓይል ለተደረገ እትምም እኩል ይሠራል። የቅንብር ፋይሎችን ማስታረቅና ፓኬጆችን መለወጥ ግን ከዚያም በኋላ አሉ፤ ለመጀመሪያው ሲስመርጅ፣ ለሁለተኛው የፓኬጅ መሣሪያው ተመድበዋል።

የባይነሪ ደጋፊዎች ከዚህ የተሻለ ክርክር የላቸውም ማለት አይደለም። ጠንካራው ክርክራቸው የወጥነት ነው፦ አንድ ባይነሪ በብዙ ሺህ ማሽኖች ላይ ስለሚሠራ ስህተቱ ቶሎ ይታወቃል፤ በየማሽኑ የተሠራ ሲስተም ግን እንደየአማራጩ ስለሚለያይ ችግሩን ሌላ ሰው ላያገኘው ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ አማራጮችን ያለ ምክንያት የሚነካካ ሰውም ዋጋውን ይከፍላል። ነገር ግን ክርክሩ አማራጮችን ስለ መቆጣጠር እንጂ ኮምፓይልን ስለ ማስቀረት አይደለም። በነባሪው ቅንብር የተሠራ ሲስተም በባህርይው ፕሮጀክቱ ከሚያወጣው ባይነሪ የሚለይበት ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ ማሽኖች ያሉት ድርጅትም ለእያንዳንዱ ኮምፓይል ማድረግ የለበትም። የፍሪቢኤስዲ መመሪያ ራሱ አንድ የግንባታ ማሽን እንዲመደብ፣ የሶርስ ኮዱና የኦብጅ ፎልደሮች በኔትወርክ ለሌሎቹ እንዲጋሩ፣ እነዚያም እንዲጭኑ ብቻ እንዲደረግ ይመክራል። የጊዜና የኤሌክትሪክ ወጪ የሚለው ክርክርም በዚሁ ይመለሳል።

በተቃራኒው ጎራ የሚሰማው መፈክርም ያንኑ ያህል ደካማ ነው። ከሶርስ የሠራ ሰው ደኅንነቱን አረጋገጠ ይባላል። በ2024 ማርች የተጋለጠው ኤክስዜድ የተባለው የፋይል መጭመቂያ ጉዳይ ይህን አባባል ፉርሽ አድርጎታል። በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ የተሸሸገው ጎጂ ኮድ ከሶርስ ኮዱ ጋር በሚሰራጨው ጥቅል ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ ሥራውን የሚጀምረውም በግንባታው ሂደት መካከል ነበር። ስለዚህ ከሶርስ ማሻሻልን የሚደግፍ ክርክር በደኅንነት ተስፋ ላይ መቆም አያስፈልገውም። የአሠራሩ ትክክለኛ ጥቅም ሌላ ነው፤ የማሻሻልን ሥራ በክፍሎቹ ያሳያል፣ አንድ ስህተት ሲታረም ለባይነሪ ሳይጠብቁ ያንኑ እርማት ብቻ ለመውሰድ ያስችላል፣ ከነባሪው የተለየ ከርነል ወይም ሃርድዌር ያለውን ሰውም አይተወውም።

የችግሩ ቦታ ከተሳተ በኋላ የሚመጡት ውሳኔዎችም ይሳሳታሉ። ችግሩ ኮምፓይል ነው ብሎ ያመነ ድርጅት ፈጣን ፕሮሰሰር ይገዛል እንጂ ወደ ኮንሶል የሚያደርስ መንገድ አያዘጋጅም። ባይነሪ ስለሆነ አያሳስብም ብሎ ያመነ አድሚን ከመጫኑ በፊት ሲስተሙን ቀድቶ አያስቀምጥም። አንድ ጊዜ ሲከሽፍበት ደግሞ ማሻሻልን ከዓመት ዓመት ያስተላልፋል፤ በሚያልፈው እትም ቁጥር ልክ የሚጠራቀመው ለውጥ ይበዛል፣ በአንድ እርምጃ ሊታለፍ የሚችለው ልዩነት ወደ ገደል ይለወጣል። ከቀደመው ዋና እትም ወደ ቀጣዩ መሸጋገር የተሞከረ መንገድ ነው፤ ሦስት እትም ዘልሎ መሄድ ግን ማንም የሞከረው ላይሆን ይችላል።

ችግሩ በቦታው ሲቀመጥ መፍትሔዎቹም ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹም ርካሽ ናቸው። ከሶርስ ኮዱ ጋር የሚመጣው አፕዴቲንግ የተባለ ፋይል ጥንቃቄ የሚሹ ለውጦችን በቀን ለይቶ ይዘረዝራል፤ ካለፈው ማሻሻያ ቀን ወዲህ የተጻፈውን ማንበብ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የኢቲሲ ፎልደር በጊት ሲያዝ ማን ምን እንደለወጠ ይታወቃል፣ የተበላሸም ይመለሳል። ከርነል ሲጫን የቀድሞው በሌላ ስም ስለሚቀመጥ አዲሱ አልነሣ ካለ በእሱ ማስነሣት ይቻላል። በዜድኤፍኤስ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከ12.0 ጀምሮ የሲስተሙ አካል በሆነው ቤክትል ሙሉውን ሲስተም ከመጫኑ በፊት ቀድቶ ሊያስቀምጥና ካልተሳካ ወደ ቅጂው ሊመለስ ይችላል፤ የዲስክ ስብስቡን ማሳደግ ግን አዲሱ እትም መጽናቱ እስኪረጋገጥ መዘግየት አለበት። ርቀት ላይ ላለ ማሽን የኮንሶል መንገድ ከመጀመሪያው ቀን መዘጋጀት ይኖርበታል። ማሻሻያዎቹም ትንንሽና ተከታታይ ሲሆኑ እያንዳንዱ ይቀልላል።

ከእነዚህ ጥንቃቄዎች አንዱም ለሶርስ ብቻ የሚሠራ፣ ለባይነሪ የማይሠራ አይደለም። ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት ባይነሪውን ማን ሠራው በሚለው ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ አንድ ነው፣ የሚጠይቀውም ዕውቀት አንድ ነው። ኮምፓይሉን ለሌላ ሰው መተው የሚያስነቅፍ ምርጫ አይደለም፤ ለብዙ ማሽኖችም ትክክለኛው ምርጫ ነው። ኮምፓይሉን መተው ማሻሻልን ቀላል አደረገው ማለት ግን ስህተት ነው። ይህን ስህተት ይዞ ወደ መጫን የሚገባ አድሚን፣ ባይነሪ አወረደም ከሶርስ ሠራም፣ ለሚያጋጥመው ነገር ሳይዘጋጅ ይገባል።